«እከሌ ሰረቀው» ሲባል፦ የሴራ ወሬ የዜና ጣቢያን እንዴት ፍርድ ቤት ያቆማል?

ቀኑ ኤፕሪል 18 ቀን 2023 ነው (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው አሜሪካ፣ ደላዌር ግዛት፣ ዊልሚንግተን ከተማ። ጠዋት ላይ ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡ 12 ዜጎች ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ጠበቆቹ የመክፈቻ ንግግራቸውን አዘጋጅተው ጨርሰዋል። ጋዜጠኛው አዳራሹን ሞልቶታል። ከምሳ በኋላ ይቀጥላል የተባለው ችሎት ግን አልጀመር አለ። ከሁለት ሰዓት በላይ ሁሉም ቁጭ ብሎ ጠበቀ። በመጨረሻ ዳኛ ኤሪክ ዴቪስ ገቡና ሁለቱ ወገኖች መስማማታቸውን ተናገሩ። ጠዋት የማሉትንም ሰዎች አመስግነው አሰናበቷቸው።

የስምምነቱ ዋጋ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከፋዩ ፎክስ ኒውስ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ተቀባዩ ደግሞ ዶሚኒየን የተባለ የድምፅ መስጫ ማሽን አምራች ኩባንያ ነው። ከ2020ው ምርጫ በኋላ በፎክስ ስክሪን ላይ «ማሽኖቹ የትራምፕን ድምፅ ወደ ባይደን አዛወሩ» ሲባል ሰንብቷል። ኩባንያው ቬንዙዌላ ውስጥ ለሁጎ ቻቬዝ ምርጫ ለማጭበርበር የተፈጠረ ነው፣ ለባለሥልጣናትም ጉቦ ይሰጣል ተብሏል። ዶሚኒየን ግን የተመሠረተው ካናዳ ውስጥ ነው። ጆርጂያ ግዛትም ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ የድምፅ ወረቀቶችን በእጅ ቆጥራ ያው ባይደን ማሸነፉን አረጋግጣለች።

ነገሩ እንዲህ ግልጽ ከሆነ ክሱ ቀላል ይመስላል። አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ሐሰት ማሰራጨት ብቻውን ሚዲያን አያስቀጣም። ከሐሰቱ ጀርባ ሌላ ነገር መረጋገጥ አለበት። ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነው።

ስም ማጥፋት የሚባለው የቱ ነው?

ስም ማጥፋት ማለት ስለ አንድ ሰው ወይም ድርጅት ሐሰት የሆነ ነገርን እንደ እውነት ለሌሎች መናገርና በዚያ ምክንያት ክብሩን ወይም ገበያውን መጉዳት ነው። በአሜሪካ ጉዳዩ በአብዛኛው በፍትሐ ብሔር ነው የሚታየው። እንዲህ ባለው ክስ ማንም እስር ቤት አይገባም። የሚጠየቀው ካሳ ነው።

እዚህ ላይ «ሐሰት» እና «እንደ እውነት» የሚሉት ሁለቱም የግድ ናቸው። የተባለው ነገር እውነት ከሆነ የቱንም ያህል ቢያሳፍር ስም ማጥፋት አይሆንም። የግል አስተያየትም አያስከስስም። «ከንቲባው የማይረባ ሰው ነው» ማለት አስተያየት ነው። «ከንቲባው ከእከሌ ጉቦ ተቀብሏል» ማለት ግን ልክ ወይም ስህተት መሆኑ ሊጣራ የሚችል ነገር ነው። ፍርድ ቤት ተናጋሪው «እኔ እኮ ጥያቄ ነው ያነሳሁት» ስላለ ብቻ አይለቀውም። ጤናማ አስተሳሰብ ያለው አድማጭ ከንግግሩ ምን ይረዳል? የሚመዘነው በዚህ ነው። በጥያቄ ምልክት የተቀባ ክስ ያው ክስ ነው።

የሴራ ወሬ መቼ ነው ለክስ የሚበቃው?

ስም ሲጠራ ነው።

«ምርጫው ተሰረቀ» የሚል ሰው ሐሰት ተናግሮ ሊሆን ይችላል። ግን ማን ይክሰሰው? ስሙ የጠፋ ሰው የለም። ምርጫ ራሱ ከሳሽ ሆኖ አይቆምም፣ ሕዝብም በጅምላ «ስሜ ጠፋ» ማለት አይችልም። «በጨለማ ውስጥ ያሉ ኃይሎች» እየተባለ ዓመት ሙሉ ቢወራ ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም።

የሴራ ወሬ ግን ስም አልባ ሆኖ መቆየት አይሆንለትም። አድማጭ «ማን ሰረቀው? እንዴት?» ይላል። ያኔ ወሬው ኩባንያ ይጠራል፣ የምርጫ ሠራተኛ ይጠራል፣ ልጁ የሞተበትን አባት ይጠራል። ስም የተጠራ ዕለት ወሬው ከሳሽ አገኘ ማለት ነው። ስማርትማቲክ የተባለው ሌላ የምርጫ ቴክኖሎጂ ኩባንያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ምርጫውን በየግዛቱ አጭበርብሯል ተብሎ ብዙ ተወርቶበታል። በ2020ው ምርጫ ግን ቴክኖሎጂው ሥራ ላይ የዋለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ። እሱም ባይደን በሰፊው ባሸነፈበት፣ ማንም ባልተከራከረበት ካሊፎርኒያ ውስጥ። ኩባንያው በፌብሩዋሪ 2021 ፎክስን በ2.7 ቢሊዮን ዶላር ከሰሰ። በማግስቱ ፎክስ፣ በክሱ በስም ከተጠቀሱት አቅራቢዎች አንዱ የሆነውን የሉ ዶብስን ፕሮግራም ከአየር አወረደ።

ስለዚህ እነዚህን ክሶች «በሴራ ወሬ ላይ የተከፈተ ዘመቻ» አድርጎ ማየት ልክ አይመስለኝም። ሕጉ የሚቆመው ለተጠራው ስም ነው። ወሬው ራሱ ስም እስካልጠራ ድረስ እንደልቡ ይዞራል።

ሚዲያው «እኔ የተባለውን ነው ያቀረብኩት» ቢልስ?

ፎክስ ያለው በትክክል ይህንን ነው። የአንድ ፕሬዚዳንት ጠበቆች ምርጫ ተሰረቀ ካሉ ያ በራሱ ትልቅ ዜና ነው፣ አለመዘገብ አይቻልም ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ጋዜጠኛ የባለሥልጣንን ውሸት ሳይዘግብ እንዴት ያጋልጣል?

የቆየው ደንብ ግን «አሉ» ብሎ ከኃላፊነት ማምለጥ አይፈቅድም። የሌላውን ሐሰት ተቀብሎ ያስተላለፈ እሱም እንደተናገረው ይቆጠራል። ለየት ያሉ ሁኔታዎች አሉ። በችሎት ወይም በምክር ቤት የተባለውን በትክክል መዘገብ ይፈቀዳል። «ጠበቃዋ እንዲህ አለች፣ ማስረጃ ግን አላቀረበችም፣ የምርጫ ኃላፊዎችም አስተባብለዋል» ብሎ የዘገበ ጣቢያም የሚሰጋበት ምክንያት የለም። ችግሩ እንግዳዋን ጋብዞ፣ አንገት እየነቀነቁ አዳምጦ፣ «ይሄማ ትልቅ ጉድ ነው» ብሎ ማሰናበቱ ላይ ነው። ዳኛ ዴቪስ በማርች 2023 በሰጡት ውሳኔ የፎክስን መከራከሪያ አልተቀበሉም። በዶሚኒየን ላይ ከተባሉት ውስጥ አንዱም እውነት እንዳልሆነ «እንደ መስታወት የጠራ» ነው ሲሉም ጻፉ። ስለ ሐሰትነቱ ክርክር ቀረ። ለችሎት የቀረው ከባዱ ጥያቄ ነበር።

ተሳስቶ የዘገበ ሁሉ ይቀጣል?

አይቀጣም። ለምን እንደማይቀጣ ለመረዳት ወደ 1960 መመለስ አለብን።

በዚያ ዓመት በማርች ወር ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ወጣ። የማርቲን ሉተር ኪንግ ደጋፊዎች ለመከራከሪያው ገንዘብ ለማሰባሰብ ከፍለው ያወጡት ነው። በደቡብ ግዛቶች ጥቁር ተማሪዎች ላይ የሚደርሰውን በደል ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ውስጥ ስህተቶች ነበሩ። ኪንግ ሰባት ጊዜ ታስሯል ይላል፣ የታሰረው አራት ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ የዘመሩት መዝሙርም ሌላ ነበር። በሞንትጎመሪ፣ አላባማ የፖሊስ ኃላፊ የነበረው ኤል. ቢ. ሱሊቫን ከሰሰ። ስሙ ማስታወቂያው ውስጥ የለም። ግን «ፖሊስ ሲባል እኔ ማለት ነው» አለ። የአላባማ ፍርድ ቤትም 500,000 ዶላር ፈረደለት። ሌሎች የደቡብ ባለሥልጣናት ደግሞ ያንኑ መንገድ ይዘው ተከታትለው ከሰሱ። ነገሩ በግልጽ የገባው ለጋዜጦቹ ነው። ጥቃቅን ስህተት እየለቀሙ መክሰስ ከተቻለ የሰሜን ጋዜጣ ወደ ደቡብ ሪፖርተር መላክ ያቆማል።

በማርች 1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ለዜሮ በሆነ ድምፅ ውሳኔውን ሻረው። ዳኛ ዊሊያም ብሬናን የጻፉት ነጥብ እስከዛሬ ይሠራል። በሕዝብ ጉዳይ ላይ በነጻነት ሲወራ ስህተት መኖሩ አይቀርም። ስህተት በሙሉ ከተቀጣ ሰው እውነቱንም መናገር ይፈራል። ስለዚህ ከሳሹ የመንግሥት ባለሥልጣን ከሆነ የተባለው ሐሰት መሆኑን ማሳየት ብቻ አይበቃውም። ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን እያወቀ፣ ወይም እውነት ይሁን ውሸት ደንታ ሳይሰጠው እንደተናገረ ማስረዳት አለበት። ያውም ግልጽና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ። በ1967 ይኸው መለኪያ ለታዋቂ ሰዎችም ሆነ።

«ደንታ ሳይሰጠው» የሚለው ብዙ ያሳስታል። ሳያጣሩ መዘገብ ማለት አይደለም። ፍርድ ቤቱ በ1968 እንዳብራራው ተናጋሪው በራሱ ውስጥ ከባድ ጥርጣሬ ኖሮት እያለ መናገሩ መረጋገጥ አለበት። ሳያውቅ የተበላሸ ምግብ ያቀረበ ሰው ጥንቃቄ ጎድሎታል። መሽተቱን አውቆ፣ እሱ ራሱ አልቀምስም ብሎ ለእንግዳ ያቀረበ ግን ሌላ ነው። ሕጉ የሚፈልገው ይህን ሁለተኛውን ሰው ነው።

የመጀመሪያው ሰው ምን እንደሚሆን ለማየት የፖለቲከኛዋን የሣራ ፔሊንን ክስ መመልከት ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2017 ባወጣው ርዕሰ አንቀጽ በ2011 አሪዞና ውስጥ የደረሰን የጅምላ ተኩስ የፔሊን የፖለቲካ ቡድን የተቀናቃኞችን የምርጫ ክልሎች በኢላማ ምልክት ካሳየበት ካርታ ጋር አያያዘው። ስህተት ነበር። ጋዜጣው አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ አረመው። ፔሊን ከሰሱ፣ በ2022 ተሸነፉ፣ በይግባኝ ጉዳዩ እንደገና ታየ፣ በኤፕሪል 2025 ደግመው ተሸነፉ። ፈጥኖ ማረም ሁልጊዜ ያድናል ማለት አይደለም። ግን «እያወቀ ነው የዋሸው» ለሚል ከሳሽ ነገሩን በጣም ያከብድበታል።

ሰው ልቡ ውስጥ ያለውን በምን ያውቃሉ?

በስልኩ።

በአሜሪካ የፍትሐ ብሔር ክስ ችሎት ከመጀመሩ በፊት ረጅም የማስረጃ መለዋወጫ ጊዜ አለ። ከሳሽ የተከሳሽን ኢሜይል፣ ቴክስትና የውስጥ ሰነድ የመጠየቅ መብት አለው። ሰዎችንም በቃለ መሐላ ለሰዓታት ይጠይቃል። እዚህ ደረጃ ላይ ለመድረስ ክሱ በመጀመሪያ ዙር አለመጣል አለበት። ብዙ ክስ የሚሞተውም እዚያው ነው። ካለፈ ግን በር ይከፈታል። ከበሩ ጀርባ የተገኘው የፎክስ ጉድ ደግሞ ስንቱን አስገረመ።

መነሻው የምርጫው ሌሊት ነው። ፎክስ አሪዞናን ለባይደን ቀድሞ ሰጠ። ትንበያው ልክ ነበር፣ ተመልካቹ ግን ተቆጣ። ብዙው ኒውስማክስ ወደተባለው ተፎካካሪ ጣቢያ ዞረ። የፎክስ አቅራቢ ታከር ካርልሰን በዚያው ሰሞን ለፕሮዲውሰሩ በላከው መልዕክት የተመልካችን አመኔታ ማጣታቸውን እያማረረ፣ እንደ ኒውስማክስ ያለ አማራጭ ከባድ ጉዳት ሊያደርስባቸው እንደሚችል ጻፈ። አንዲት የጣቢያው ሪፖርተር የትራምፕን አባባል በትዊተር ስታስተባብል ደግሞ ትባረር አለ። ምክንያቱ ምን ነበር? የኩባንያው አክሲዮን ዋጋ እየወረደ ነው፣ ቀልድ አይደለም የሚል ነው።

የሴራውን ወሬ ያምኑት ነበር? ኖቬምበር 18 ቀን 2020 ካርልሰን ለባልደረባው ለላውራ ኢንግራም «ሲድኒ ፓውል እየዋሸች ነው፣ ደርሼባታለሁ» ብሎ ጻፈ። ፓውል ማለት በየፕሮግራሙ እየቀረበች ዶሚኒየንን ስትከስ የነበረችው ጠበቃ ናት። ኢንግራም ስትመልስ ሴትዮዋ ፍጹም የለየላት ናት፣ ከሷ ጋር የሚሠራ የለም፣ ሩዲም ያው ነው አለች። ሩዲ የተባሉት የትራምፕ ጠበቃ ሩዲ ጁሊያኒ ናቸው። ጁሊያኒ በማግስቱ መግለጫ ሲሰጡ የሚያዩት የድርጅቱ ባለቤት ሩፐርት መርዶክ ደግሞ «የእብደት ነገር ነው፣ ጉዳትም ያመጣል» ብለው ጻፉ። ይህ ሁሉ በጓዳ ነው። ስክሪኑ ላይ ወሬው ቀጠለ።

አንዷን ነገር ቀረብ ብለን እንያት። ፓውል ለአቅራቢዋ ለማሪያ ባርቲሮሞ «ምንጬ» ብላ አንድ ኢሜይል አስተላልፋላት ነበር። ኢሜይሉን የጻፈችው ሴት የዶሚኒየንን ማጭበርበር ከተነተነች በኋላ ስለ ራሷ ታወራለች። ነፋስ መንፈስ ነሽ ይለኛል፣ እኔ ግን አላምነውም ትላለች። ሐሳቧ ራሱ የቀወሰ ሊመስል እንደሚችልም ታምናለች። በማግስቱ፣ ኖቬምበር 8፣ ፓውል በባርቲሮሞ ፕሮግራም ቀርባ ስለ ዶሚኒየን አወራች። በኋላ በቃለ መሐላ ስትጠየቅ ባርቲሮሞ ኢሜይሉ ትርጉም የለሽ መሆኑን ተቀበለች። ጠበቃ በሕልሙም የማያገኘው ማስረጃ ነው።

መርዶክም በቃለ መሐላ ተጠይቀዋል። አንዳንድ አቅራቢዎቻቸው ወሬውን ደግፈው እንደነበር አመኑ። ወደኋላ ሲያዩት አጥብቀን ብናወግዘው ጥሩ ነበር አሉ። ዶሚኒየን በበኩሉ በዚያው ሰሞን ለፎክስ ሰዎች ማስተባበያ ደጋግሞ ሲልክ ነበር። ይህ ለክሱ ቀላል ነገር አይደለም። ከተነገረው በኋላ የደገመ ሰው «አላውቅም ነበር» ማለት ይከብደዋል።

ታዲያ ፎክስ ለምን ገንዘቡን መረጠ?

የ92 ዓመቱ መርዶክ ምስክር ሳጥን ውስጥ ሊቀመጡ ነበር። አቅራቢዎቹም እንደዚያው። ለስድስት ሳምንት ያህል ያ ሁሉ ቴክስት በችሎት ሊነበብ ነው። ዶሚኒየን የጠየቀው ካሳ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ነበር፣ ፍርዱ ከዚያ ሊያንስም ሊበዛም ይችላል።

ዶሚኒየንም የራሱ ፍርሃት ነበረው። ስቴፕል ስትሪት የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት በ2018 የኩባንያውን 76 በመቶ የገዛው በ38 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ፎክስ ይህን ይዞ፣ እንዲህ ያለ ኩባንያ 1.6 ቢሊዮን ከየት አምጥቶ ይከስራል እያለ ይከራከር ነበር። ቢያሸንፍ እንኳ ይግባኙ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ሁለቱም ማትረፊያቸውን አሰሉና ተስማሙ።

ሌሎቹ ጣቢያዎችም በዚያው መንገድ ሄዱ። ኒውስማክስ ለስማርትማቲክ 40 ሚሊዮን፣ ለዶሚኒየን ደግሞ በ2025 67 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ኦኤኤን ከስማርትማቲክ ጋር በ2024 ሲስማማ መጠኑ አልተገለጸም።

የተጠራው ስም የተራ ሰው ሲሆንስ?

ሕጉ ይለሰልስለታል። ይህም ቢሆን የመጣው ከአንድ የሴራ ወሬ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ቺካጎ ውስጥ አንድ ፖሊስ አንድ ወጣት ተኩሶ ገደለ። ቤተሰቡ ካሳ ለመጠየቅ ኤልመር ገርትዝ የተባለ ጠበቃ ያዘ። የጆን በርች ማኅበር የተባለው ፀረ-ኮሚኒስት ቡድን መጽሔት በ1969 ገርትዝን ኮሚኒስቶች ፖሊስን ለማዋረድ የሸረቡት ሴራ አካል አድርጎ አቀረበው። ሌኒኒስት አለው። ሰውየው ፖሊሱ ከተከሰሰበት የወንጀል ጉዳይ ውስጥ እጁ አልነበረበትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 እንዲህ ያለ ሰው ባለሥልጣን ወይም ታዋቂ ሰው ስላልሆነ ያን ከባድ መለኪያ ማለፍ አይጠበቅበትም አለ። ደረሰብኝ ለሚለው ጉዳት ሚዲያው በቂ ጥንቃቄ አለማድረጉን ማሳየት ይበቃዋል። ሀሳቡ ግልጽ ነው፤ ሚኒስትር ወይም ዝነኛ ሰው መግለጫ ጠርቶ ያስተባብላል፣ ተራ ሰው ማይክ የለውም። ገርትዝ በድጋሚ ችሎት በ1981 400,000 ዶላር ተፈረደለት።

በእኛ ዘመን ያለው ምሳሌ ልብ ይሰብራል። አትላንታ ውስጥ ድምፅ የቆጠሩ እናትና ልጅ ነበሩ። ጁሊያኒ ከደህንነት ካሜራ የተቀነጨበ ቪዲዮ ይዘው ሴቶቹ የሐሰት ድምፅ ሲያስገቡ ታዩ፣ ዩኤስቢ እንደ ሄሮይን ወይም ኮኬይን ተቀባበሉ አሉ። የተቀባበሉት ከረሜላ ነበር። የዝንጅብል ከረሜላ። ልጅቱ በኮንግረስ ፊት ቀርባ ተናገረችው። የግዛቱ መርማሪዎችም ክሱ መሠረት እንደሌለው አረጋግጠዋል። ሴቶቹ ግን የግድያ ዛቻና የዘር ስድብ ወረደባቸው፣ እናትየዋ ቤቷን ጥላ ወጣች። በዲሴምበር 2023 በጁሊያኒ ላይ 148 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደ። ጁሊያኒ በቀናት ውስጥ ኪሳራ አወጁ። ኦኤኤን ቀደም ብሎ በ2022 ተስማምቶ፣ ሴቶቹ አለማጭበርበራቸውን በአየር ላይ ተናግሯል።

የሴራ ወሬ በማሰራጨት የሚታወቀው አቅራቢ አሌክስ ጆንስስ? የሱ ጉዳይ ከገንዘቡ መጠን በላይ የሚታወስ ነው። በዲሴምበር 2012 ኮኔቲከት ግዛት በሚገኘው ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ተገደሉ። ጆንስ «ድራማ ነው፣ ወላጆቹ ተዋናዮች ናቸው» እያለ ለዓመታት አወራ። የሚያምኑት ሰዎች ሐዘንተኞቹን ቤታቸው ድረስ ሄደው አስጨነቁ። ሲከሰስ ማስረጃ አላስረክብም ብሎ ስላስቸገረ ቴክሳስና ኮኔቲከት ያሉት ዳኞች ያለ ክርክር ተጠያቂ ነህ አሉት። የቀረው ስንት ይክፈል የሚለው ብቻ ሆነ። ቴክሳስ ላይ ምስክርነት እየሰጠ ሳለ ታዲያ የከሳሾቹ ጠበቃ አንድ ነገር ነገረው። የራሱ ጠበቆች በስህተት የስልኩን ሙሉ ቅጂ ልከውለት ኖሯል። ጆንስ ደግሞ ቀደም ሲል ስለ ሳንዲ ሁክ የጻፍኩት ቴክስት ስልኬ ላይ የለም ብሎ ምሎ ነበር። በሁለቱ ግዛቶች የተፈረደበት ተደምሮ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በኋላ በይግባኝ 150 ሚሊዮኑ ተቀነሰለት።

ከሳሽ ሁልጊዜ ያሸንፋል?

ትልልቅ ቁጥሮች ዜና ስለሚሆኑ እንደዚያ ይመስላል። ግን አይደለም። የትራምፕ ደጋፊዎች የአሜሪካን ምክር ቤት በወረሩበት ዕለት፣ በጃንዋሪ 6 ቀን 2021፣ ካፒቶል ሂል የነበረ አንድ የአሪዞና ሰው አለ። የፎክስ አቅራቢዎች «የመንግሥት ሰላይ ነው» በሚል ሴራ ውስጥ ከተውኛል ብሎ ደላዌር ላይ ከሰሰ። የሞት ዛቻ ደርሶበታል፣ ቤቱን ሸጦ ሸሽቷል። ክሱ በ2024 ውድቅ ሆነ።

በተቃራኒው ደግሞ ሀብታምና ጉልበተኛ ሰው እንደማያሸንፍ እያወቀ ይከሳል። ዓላማው ትንሽ ጋዜጣን በጠበቃ ክፍያ ማስጨነቅ ነው። ብዙ ግዛቶች እንዲህ ያለውን ክስ በቶሎ ለማስዘጋት የሚረዳ ሕግ አውጥተዋል፣ ኒው ዮርክም የራሷን በ2020 አጠናክራለች።

ፌስቡክና ዩቲዩብ ለምን አይከሰሱም?

በ1996 የወጣ የፌዴራል ሕግ ስላለ። አንቀጽ 230 ይባላል። ተጠቃሚ ለለጠፈው ነገር ድረገጹ እንደ አሳታሚ አይቆጠርም ይላል። የቴሌቪዥን ጣቢያ እንግዳውን ራሱ መርጦ ነው የሚያቀርበው፣ ስለዚህ ይጠየቃል። የለጠፈው ግለሰብ ግን ከተጠያቂነት አያመልጥም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ገንዘቡ ወሬውን አጠፋው?

ፎክስ በአየር ላይ ይቅርታ እንዲጠይቅ ስምምነቱ አላስገደደውም። ባወጣው አጭር መግለጫ «ስለ ዶሚኒየን የተነገሩ የተወሰኑ ነገሮች ሐሰት መሆናቸውን ፍርድ ቤቱ መወሰኑን እንቀበላለን» አለ። በዚህ አበቃ። ለአቅራቢዎቹ ዋሽተናል የሚል ዓረፍተ ነገር አልተጻፈላቸውም። ወሬውን የሰማው ተመልካች ማስተካከያውን በዚያው መጠን ሰምቷል ብሎ ማመን ይከብዳል።

የድምፅ ማሽኑ ኩባንያ በኦክቶበር 2025 ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት ስሙን ሊበርቲ ቮት ብሎ ቀየረው። ይህን ያህል ካሳ ያስከፈለው ስም ከገበያ ወጣ ማለት ነው። ፍርድ ቤት የጠፋን ስም በብር ይተምነዋል። ስሙን ወደ ድሮው መመለስ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ሕጉ ሊቀየር ይችላል?

ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ክላረንስ ቶማስ በ2019፣ ኒል ጎርሰች ደግሞ በ2021 የ1964ቱ ውሳኔ እንደገና ቢታይ ብለው ጽፈዋል። ጎርሰች ያነሱት ነጥብ የሚናቅ አይደለም። ያኔ ጥቂት ትልልቅ ጋዜጦችና ጣቢያዎች ነበሩ፣ አርታኢ ነበራቸው። ዛሬ ማንም በስልኩ ያሰራጫል። ባለማጣራት የሚያተርፍ ደግሞ በሕጉ ይጠለላል። ዶናልድ ትራምፕም ሚዲያን ለመክሰስ ቀላል መሆን አለበት ሲሉ ከ2016 ጀምሮ ይሰማሉ።

የሚገርመው መለኪያው ቢላላ የሚጋለጠው አንድ ወገን አይደለም። የፕሬዚዳንቱን ጉድ የሚጽፈው ጋዜጣም፣ ፕሬዚዳንቱን የሚደግፈው ጣቢያም እኩል ለክስ ይመቻሉ። ፎክስ ራሱ ሲከሰስ ሲጠለልበት የከረመው በዚሁ በ1964ቱ ውሳኔ ሥር ነው። የላስ ቬጋሱ የካሲኖ ባለሀብት ስቲቭ ዊን ውሳኔው እንዲሻር አቤት ቢሉም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2025 አልቀበልም ብሏል። እስካሁን የሚሠራው ያው የቀድሞው ነው። ባለሥልጣንም ሆነ ዝነኛ ሰው ሚዲያን ሲከስ ሐሰቱን ብቻ ሳይሆን የተናጋሪውን ልብም ማሳየት አለበት።